ጠበሉም ክኒኑም

የኤችአይቪ ምክር ክፍል ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የሚዘጋ በር ነው። ደም ይመረመራል፣ ውጤት ይነገራል፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው መድኃኒት ይጀምራል። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነጻ ነው። ስለ አገልግሎቱ ጥራት ሲነሳ ግን ወሬው ሁሉ መሣሪያና ክኒን ይሆናል። እኔ የምክር ክፍልን ጥራት የምለካው ታካሚው እውነቱን ተናግሮ በመውጣቱ ነው።

ጠበልን እንይ። በምዕራብ ጎጃም፣ ከሽንዲ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ብዙ ሰው ሲታመም ጠበል ይገባል። ጠበልና ክኒን አይስማሙም የሚለው እምነት ዛሬም አልጠፋም። የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል።

አንዲት የወንበርማ እናት ገበያ ዳር ቁጭ ብለን፣ «ልጄ፣ ሱባኤ ስገባ ክኒኑን አቆምሁት። ለሲስተሯ ግን ሁሌም እውጣለሁ አልኋት፤ እውነቱን ብነግራት ትቆጣለቻ!» አሉኝ። ሲስተሯ የጠየቀቻቸው «ሳያቋርጡ ይወስዳሉ አይደል?» ብላ ነበር። እንዲህ ለሚጠየቅ ሰው መልሱ «አዎ» ብቻ ነው። ከዚያ የቫይረሱ መጠን ከፍ ብሎ ሲመጣ ባለሙያው ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላመደው ወይ ብሎ ይጨነቃል።

«ሱባኤ ሲገቡ ክኒኑን ምን ያደርጉታል?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን እውነቱን ያገኛል። ጠበል መጠጣትን እንደ ጥፋት አልቆጠረማ! ጾምም እንዲሁ ነው። አሁን በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን በቀን አንዴ ይዋጣል፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። ጿሚ ማታ ከቀመሰ በኋላ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ቢውጠው ጾሙም መድኃኒቱም አይጓደልም። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለቁጣ ግን ሁልጊዜ ጊዜ አለ።

የበሩንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ካርድ ፍለጋ ሳያንኳኩ ዘው የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እባካችሁ! አንዳንዱ ታካሚ እኮ ጎረቤት እንዳያየው ብሎ የቅርቡን ጤና ጣቢያ ትቶ ሩቅ ከተማ የሚሄድ፣ ቀጠሮውንም ማንም «ወዴት ነው?» በማይለው የገበያ ቀን የሚያስይዝ ሰው ነው።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ አጠያየቁን አሳምረው የሚያውቁት አድኸረንስ ሰፖርተሮች ናቸው፤ ቫይረሱ በደማቸው እያለ ሌላውን ለመደገፍ በየክሊኒኩ የሚሠሩት። ከእነሱ አንዷ ታካሚ ስታናግር ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ክኒን አልነበረም፤ «የት ጠበል ነው የምትጠመቂው?» ነበር ያለቻት።