«አርብ ገበያ» በሆላንድኛ ምን ይባላል?

በደቡብ ጎንደር፣ ታች ጋይንት ወረዳ ውስጥ አርብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። ቤልጂየም ውስጥ ሆላንድኛ በሚነገርባት በጌንት ከተማ ደግሞ «ፍሬይዳኽማርክት» የሚባል ሰፊ አደባባይ አለ። «ፍሬይዳኽ» አርብ፣ «ማርክት» ገበያ ነው። ዛሬም አርብ አርብ ገበያ ይቆምበታል። የቃላቱ ቅደም ተከተል እንኳ እንደኛው ነው። እንግዲህ ሁለት ቃል ያዙ ማለት ነው።

ፈተናው ቪዛው በር ላይ ነው

ለብዙ ቤተሰብ ሆላንድኛ የትርፍ ጊዜ ትምህርት አይደለም። ባል ሮተርዳም፣ ሚስት አርብ ገበያ ናቸው እንበል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2006 ጀምሮ፣ ከትዳር አጋራቸው ጋር ለመኖር የሚሄዱ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ገና ሀገራቸው ሳሉ መሠረታዊ ፈተና እንዲያልፉ ትጠይቃለች። አጋራቸው የጥገኝነት ፈቃድ ያለው ሰው ከሆነ ግን ፈተናው አይመለከታቸውም።

ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ መናገር፣ ማንበብና የኔዘርላንድስን አኗኗር ማወቅ። የሚሰጠው አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ፣ በኮምፒውተር ነው። ደረጃው የጀማሪ ነው፤ ክፍያው ግን በድምሩ 150 ዩሮ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት ወቅታዊውን ዋጋ ኤምባሲውን ይጠይቁ። የወደቀ ሰው እንደገና ይከፍላል። ከአርብ ገበያ ለሚመጣ ደግሞ የአውቶቡሱና የአልጋው ወጪ አለ፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚረዝመው ናፍቆት ነው።

አማርኛዎ ይረዳዎታል

«ትናንት ዳቦ ገዛሁ» ለማለት ሆላንዶች «ኢክ ሄፕ ኺስተረን ብሮት ኸኮኽት» ይላሉ። «ሄፕ» አጋዥ ግስ ነው፤ ዋናው ግስ «ኸኮኽት» ግን እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ቁጭ ይላል። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ይህ ያስቸግረዋል፤ እርስዎን ግን አይገርምዎትም።

አክብሮትም አላቸው። ለጓደኛ «ዬይ»፣ ለማያውቁት ወይም ለታላቅ ሰው «ኡ» ይባላል። ይህን «ኡ» ለማውጣት ከንፈርዎን አሞጥሙጠው «ኢ» ይበሉ።

እኛ «ገና»ን ስናጠብቅ በዓል፣ ስናላላ «እስካሁን» እንደሚሆነው፣ በሆላንድኛም የድምፅ ርዝመት ትርጉም ይለውጣል። ልዩነቱ የሚረዝመው አናባቢው መሆኑ ነው። «ማን» ባጭሩ ወንድ ወይም ባል ነው፤ «ማ...ን» ተብሎ ሲሳብ ጨረቃ ይሆናል።

የሚያስቸግሩት

የመጀመሪያው «ኸ» ነው። ድምፁ ከጉሮሮ ይወጣል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ካለዎት «ኸ»ን እንዴት እንደሚሉ ያዳምጡ። ሁለተኛው ቁጥር ነው። ሃያ አንድ «አንድ እና ሃያ» ተብሎ ከኋላ ወደ ፊት ይነገራል። ዋጋና ስልክ ቁጥር እየተባለልዎት በመጻፍ ይለማመዱ።

ቤተሰቡ ሁሉ ይማር

በማርኬቲንግ ሥራዬ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሰው የሚያስታውሰው የተደጋገመለትን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ፣ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻላል። ወንበሩ ላይ «ስቱል»፣ ጠረጴዛው ላይ «ታፈል»፣ ወተቱ ላይ «ሜልክ» ብለው ወረቀት ይለጥፉ። ልጆች ካሉ እነሱ ይጠይቁዎት፤ ማን ቀድሞ እንደሚይዝ ያያሉ።

ውጭ ያለው የትዳር አጋር ደግሞ ሲደውል የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በሆላንድኛ ብቻ ያውራ። «ሁ ሄት ኡ?» ስምዎ ማን ነው? «ዋር ዎንት ኡ?» የት ይኖራሉ? በፈተናው ላይም የሚጠብቅዎት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ በድምፅ መመለስ ነው፤ ስለዚህ በልብ ማወቅ አይበቃም፣ አፍዎ ይልመድ።

ሲፋን ሀሰን ከአዳማ ተነስታ ኔዘርላንድስ የገባችው በ2008 እ.ኤ.አ.፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቅ ያጠለቀችው ሯጭ፣ ዛሬ ለሆላንድ ጋዜጠኞች በቋንቋቸው ትመልሳለች። እርስዎ ለጊዜው የሚፈለግብዎት ስምዎንና ሰፈርዎን መናገር ነው። የፈተናውን ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ዛሬ ማታ ሩብ ሰዓት ይስጡት።