ስለ ሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ

በካርታችን ራስ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየውና ብዙ ሰው ከአዳም ልጆች ኑሮ ውጭ የሆነ ምድረ በዳ አድርጎ የሚገምተው ሰሜናዊው ዋልታ፣ እንደ ደቡባዊው ዋልታ በበረዶ የተሸፈነ የብስ ሳይሆን፣ በእስያ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተከበበ፣ ስፋቱም ወደ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውቅያኖስ ነው።

የዚህን ባሕር ጠባይ መርምረው ለዓለም ካስረዱት ሊቃውንት መካከል የኖርዌዩ ፍሪትዮፍ ናንሰን ቀዳሚ ስፍራ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1881 ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ የሰጠመችው ዣኔት የተባለች መርከብ ቅሪት ከሦስት ዓመት በኋላ በግሪንላንድ ጠረፍ መገኘቱን በሰማ ጊዜ፣ በረዶው ራሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደሚጓዝ ተረዳ፤ ስለዚህም ፍራም የተባለችውን መርከብ፣ በረዶ ሲያስጨንቃት ከመሰበር ይልቅ ወደ ላይ እንድትነሣ ጎኗን አክብቦ አሠርቶ፣ በ1893 ሆነ ብሎ በበረዶው መካከል አስገባት። ፍራም ሦስት ዓመት ያህል ከበረዶው ጋር ስትጓዝ ቆይታ በ1896 በስቫልባርድ ደሴቶች አጠገብ በደኅና ወጣች፤ በመንገድም የባሕሩ ጥልቀት ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ሆኖ ተለካ። ይህን የመሰለ በትዕግሥትና በማስተዋል የተገኘ ዕውቀት እጅግ ሊከበር ይገባዋል።

አመዳይ የለበሰው የባሕር በረዶ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን ወደ ሰማይ ሲመልስ፣ በረዶ ያልሸፈነው ጥቁር ባሕር ግን ከመቶ 90 የሚበልጠውን ይውጣል፤ እንግዲህ በረዶው ባነሰ ቁጥር ባሕሩ ይሞቃል፣ ባሕሩም በሞቀ ቁጥር በረዶው ይብስ ያንሳል። አካባቢው ከመላው ዓለም አማካይ ከሁለት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት የሚሞቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በባሕር ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ ቢቀልጥ የውቅያኖሶችን ከፍታ እምብዛም አይለውጥም፤ በግሪንላንድ የብስ ላይ የተከመረው ግን ፈጽሞ ቢቀልጥ በ7 ሜትር ያህል ያነሣዋል፤ የዓባይ ውኃ የሚፈስበት ዝቅተኛው የግብፅ ጠረፍም ከዚህ መከራ አያመልጥም።

የአካባቢው ጉዳይ የሚመከርበት የአርክቲክ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲቋቋም ስምንት መንግሥታት አባል ሆኑ፤ ሳሚንና ኢኑዊትን የመሳሰሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦችም በማኅበሮቻቸው አማካይነት ቋሚ መቀመጫ አላቸው፤ ይህም ፍትሐዊ ነው። ከእስያ ቻይናና ህንድ፣ ጃፓንም በታዛቢነት ይገኛሉ፤ ከአፍሪካ ግን አንድም መንግሥት የለም። ይህ ጉድለት ሊታረም ይገባል።