ተጨማሪ መረጃ፦ አዳኙ ሲታደን
«ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያሰኘ አንባቢን የሚያስጨንቅ የአተራረክ ስልት ልብ ሰቀላ ይባላል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ኮኔል በ1924 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ልቦለድ አዳኙ ራይንስፎርድ በአንዲት ደሴት ራሱ ታዳኝ ይሆናል። ሊነጋ ሲል ዛፍ ላይ ተደብቆ ሳለ አሳዳጁ ጄኔራል ዛሮፍ ከሥሩ ይቆማል። ዓይኑ በግንዱ ሽቅብ ይወጣና ቅርንጫፉ ጋ ሳይደርስ ይገታል፤ ፈገግ ብሎ፣ የሲጋራውን ጢስ አትጎልጉሎ ይሄዳል። ከተኩስ ይልቅ የሚያስፈራው ያ ፈገግታ ነው።

የዕጣ መገለባበጥ በእኛም ታሪክ አለ፦ በልጅነታቸው የተማረኩት ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በኋላ የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ሆነዋል።

እናንተም ልብ ሰቀላን ሞክሩ። በሃብተ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራውን የአዲስ አበባውን ድልድይ በቀን ስትሻገሩ ከኋላችሁ የሚመጣውን ኮቴ አዳምጡ። ከዚያም አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ተከታዩ ማን እንደሆነ ግን እስከ አምስተኛው ድረስ አትግለጡ።