የቶሮንቶው አርብና የንግድ ባንክ ሌሊት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022፣ አርብ ማለዳ፣ ቶሮንቶ ስትነቃ የሮጀርስ ደንበኛ የሆነ ሁሉ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረውም። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ወደ አንዱ እንጀራ ልገዛ ብገባ ባለሱቋ «ዛሬ በካሽ ብቻ ነው» አለችኝ። በዚህ አገር ካሽ ይዞ የሚዞር ማን አለ? «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን ታመጣለህ» ብላ ስሜን በደብተር ጻፈች። በዚያው ምሽት አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊኬንድ) በተወለደባት ከተማ ሊያቀርበው የነበረው ኮንሰርትም ተላለፈ፤ ስታዲየሙ ሮጀርስ ሴንተር ነውና፣ የተበላሸውም የሮጀርስ ኔትወርክ ነውና።

ይህን የማነሳው ስለ ሙያዬ ለማስረዳት ስለሚመቸኝ ነው። ሥራዬ ኩባንያዎች ሶፍትዌራቸውን የሚሠሩበትንና የሚለውጡበትን አሠራር መገምገም ነው። ወዳጆቼ «የኮምፒዩተር ስህተት ፈላጊ» ይሉኛል፤ ነገር ግን ስህተት መፈለግ የፈታሹ ሥራ ነው። ቡና ቀማሽ ሲኒውን ቀምሶ ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ ሻግቷል ይላል። እኔ የምጠየቀው ቡናው ለምን እንደሻገተ ነው፤ የት ተሰጣ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያነሳው ማን ነበር፣ ያ ሰው በዕለቱ ባይኖርስ ተተኪው ማን ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት ስገባ በመጀመሪያው ቀን ወፍራም ፋይል ይሰጡኛል። በፋይሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ያምራል። እኔ ግን ፋይሉን አስቀምጬ «ባለፈው ወር ሲስተሙ ላይ ካደረጋችሁት ለውጥ አንዱን ምረጡልኝ» እላለሁ። ያንን አንድ ለውጥ ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ ደንበኛው ዘንድ እስከደረሰበት ሰዓት በእግሩ እከተላለሁ። ማን ጠየቀ? ማን ጻፈው? ከጸሐፊው ሌላ ማን አየው? የት ተሞከረ? ቢበላሽ ወደ ነበረበት ለመመለስ ምን ተዘጋጅቶ ነበር? ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ኩባንያ የአንድ ዓመት የፈተና ማረጋገጫዎች ሁሉ በአንድ ኃላፊ ፊርማ ተሞልተው አገኘሁ። የሰውየውን የዕረፍት ቀናት ብጠይቅ ከፊርማዎቹ ሰባቱ እረፍት ላይ በነበረባቸው ሦስት ሳምንታት ውስጥ የተፈረሙ ሆነው ተገኙ። ክፋት አልነበረበትም። ሥራው እንዳይቆም ብሎ ባዶ ቅጾች ላይ አስቀድሞ ፈርሞ ሄዷል። ቅጹ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ያየው ሰው ግን የለም።

በነገራችን ላይ በሙያው ውስጥ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሶፍትዌር ምህንድስና ተቋም በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ ያዘጋጀው ባለ አምስት እርከን መለኪያ አለ። በመጀመሪያው እርከን ሥራው የሚቃናው በጥቂት ጎበዞች ብርታት ነው፤ እነሱ ከሌሉ ይቆማል። በአምስተኛው ላይ ድርጅቱ የራሱን አሠራር እየለካ ያሻሽላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ችግሩ ብዙዎች እርከኑን የፈለጉት የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለመስቀል መሆኑ ነው።

ወደ ሮጀርስ ልመለስ። በዚያ ቀን ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ፤ በመላ አገሪቱ የዴቢት ካርድ ክፍያ ተቋረጠ፤ 911 መደወል ያልቻሉም ነበሩ። የካናዳ የቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን በገለልተኛ አማካሪ አስመረመረ፤ የግምገማው አጭር ዘገባም በ2024 ለሕዝብ ወጣ። እንደ ሙያዬ ሰው ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ኩባንያው ሰባት ምዕራፍ ያለው የኔትወርክ ማሻሻያ እያካሄደ ነበር። በስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ሠራተኞች በራውተሮች ላይ የነበረን አንድ ማጣሪያ ሰረዙ፤ በዚህም የመረጃ ጎርፍ ዋናዎቹን ራውተሮች አጥለቀለቃቸው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ስረዛው አይደለም። ሥራው ሲጀመር «ከፍተኛ አደጋ ያለው» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በሰላም ስላለፉ አደጋውን የሚመዝነው ስልት ራሱ ደረጃውን ወደ «ዝቅተኛ» አወረደው፤ ስለዚህም ስድስተኛው ምዕራፍ ጥብቅ ምርመራ ሳይደረግበት አለፈ። ወንዝ አምስት ጊዜ በደህና የተሻገረ ሰው በስድስተኛው ጥልቀቱን አይለካም። ሌላም አለ፦ መሐንዲሶቹ ኔትወርኩን የሚቆጣጠሩበት መስመር በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተመሠረተ ነበርና፣ ብልሽቱ ሲደርስ እነሱም አብረው ታወሩ። ይህ አንድ ሠራተኛ ያጠፋው ጥፋት አይደለም፤ ማንም በዚያ ወንበር ቢቀመጥ የሚደርስ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንሂድ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2024) ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዛመተ፤ ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ከ38 ሚሊዮን በላይ ሒሳብ አለው የሚባለው ባንክ ሥራ አቋረጠ። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ችግሩም የተፈጠረው በተለመደ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት መሆኑን አስታወቀ። ገንዘቡን እንዲመልሱ ጊዜ ሰጠ፤ ቀጥሎም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ።

በእኛ በውጭ ባለነው ዘንድ ጉዳዩ ወይ ቀልድ ሆነ፣ ወይ ስለ ትውልዱ ሥነ ምግባር ስብከት ሆነ። ስብከቱ እኔንም ነክቶኛል፤ የእህቴ ልጅ በዚያ ሌሊት ከተሰለፉት አንዱ ነበርና። በሒሳቡ 212 ብር ነበረው፤ 4,000 ብር አወጣ። ግማሹን ለቤት ኪራይ ከፈለ። በሳምንቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ፎቶዬን ሊለጥፉት ነው» ሲለኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያላስቀመጥከውን መውሰድ ምን ይባላል ብዬ ተቆጣሁት፤ የጎደለውን ላክሁለት፤ መለሰ።

ነገር ግን በሙያዬ ዓይን ሳየው ተማሪው የመጨረሻው ሰው ነው። ለውጥ በሚደረግበት ሌሊት የሒሳብ ቀሪን የሚያመሳክረው ቁጥጥር ሲከሽፍ ሲስተሙ «አላውቅም፣ ስለዚህ አልከፍልም» ማለት አለበት እንጂ «አላውቅም፣ ስለዚህ ውሰድ» ማለት የለበትም። ይህ ከመጀመሪያው የሚወሰን የንድፍ ጉዳይ ነው። የወጪው መጠን በድንገት ሲያሻቅብ ሌሊት ነቅቶ የሚያይ ሰው ወይም የሚጮህ ደወል ያስፈልጋል። «አቁሙ!» የማለት ሥልጣን ለማን እንደተሰጠና ያ ሰው አለቃውን ሳይቀሰቅስ ማቆም ይችል እንደሆነ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። እኔ ባንክ ስገመግም ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ረጅም ዝምታ ነው፤ በቶሮንቶም ቢሆን።

የሮጀርስን ጉድ በዝርዝር ልጽፍላችሁ የቻልሁት ግምገማው ስለታተመ ነው። የካናዳ መሐንዲሶች ከእኛዎቹ ይበልጣሉ ለማለት አይደለም፤ ከላይ እንዳያችሁት አይበልጡም። የታተመ ግምገማ ግን ለሌላው ባንክ፣ ለቴሌው፣ ለመብራት ኃይሉ ያገለግላል። የተለጠፈ የተማሪ ፎቶ ብሩን ይመልስ ይሆናል፤ ማሻሻያው ለምን እንደከሸፈ ግን አይነግረንም።

የእህቴ ልጅ ዕዳውን ከከፈለ በኋላ ደውሎ ነበር። «ጋሼ፣ ያንን ማሻሻያ የፈቀደው ሰውዬስ ፎቶው ይለጠፋል?» አለኝ። እንዳይለጠፍ እመኛለሁ አልሁት። ፎቶው ከተለጠፈ በሚቀጥለው ጊዜ የተሳሳተው ሠራተኛ ይደብቃል፤ እኔ ደግሞ ያንን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ሌሊቱን ሰዓት በሰዓት እንዲተርክልኝ ነው የምፈልገው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም» አለ።