በፋብሪካ በር ላይ የምትታደል ኩፖን

የመኪና ቀበቶ በአደጋ ጊዜ የፊት ወንበር ተሳፋሪን የመሞት ዕድል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህን የማያውቅ የለም። የሚያከራክረው፣ እያወቀ የማያስረውን ሰው ምን ያሳስረዋል የሚለው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከመቶ ሾፌር ቀበቶ የሚያስረው 15 አይሞላም ነበር፤ ኒው ዮርክም በአገሪቱ የመጀመሪያውን አስገዳጅ ሕግ ያወጣችው በ1984 ነው። በዚያ ዘመን የቨርጂኒያ ቴክ የሥነ ልቦና ምሁሩ ስኮት ጌለርና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን በመሥሪያ ቤቶች በርና መኪና ማቆሚያ ላይ ሞከሩት። በሩ ላይ የቆመው ሰው በመስኮቱ አሻግሮ ያያል፤ ማሰሪያው በትከሻ ላይ ካለፈ ሠራተኛው እዚያው የዕጣ ኩፖን ይቀበላል። ያላሰረውም ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሌላ ጊዜ አስሮ ከመጣ ዕጣ እንደሚደርሰው የምትነግር ወረቀት ይሰጠዋል። ቁጣም ስብከትም የለም። ማበረታቻው ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የሚያስረው ሰው ቁጥር ጨመረ።

አለቆች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያስቡት ሽልማቱን ማሳደግ ነው። የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ፌስቲንገርና ካርልስሚዝ በ1959 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተማሪዎች አሰልቺ ሥራ ከሠሩ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው "ደስ ይላል" ብለው እንዲነግሩ ተከፈላቸው፤ ለገሚሱ 1 ዶላር፣ ለገሚሱ 20። በኋላ ሲጠየቁ ሥራውን ይበልጥ የወደዱት 1 ዶላር የተከፈላቸው ናቸው። 20 ዶላር ያገኘው ለምን እንደተናገረ ያውቃል፤ ለገንዘቡ ነው። ባለ 1 ዶላሩ ግን ምክንያቱን ከራሱ መፈለግ ነበረበት። ለዚያች የዕጣ ኩፖን ብሎ ቀበቶ ያሰረም እንዲሁ ነው፤ ኩፖኗ እጁን ወደ ቀበቶው ለመላክ ትበቃለች፣ ሰበብ ለመሆን ግን ታንሳለች። ጌለር የሞከሩት የቃል መግቢያ ካርድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። ሠራተኛው ለተወሰነ ጊዜ ቀበቶ አስራለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይፈርማል፤ የፈረመም ከሽልማት ባላነሰ ሁኔታ በልማዱ ሲጸና ታይቷል።

"ሽልማቱ ሲቆም ሰውም ይተዋል" የሚሉ አልተሳሳቱም፤ ቁጥሩ ይወርዳል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ከመነሻው በላይ ይቆያል፣ ኩፖኗን አልፎ አልፎ እንደገና ማደልም ብዙ ወጪ የለውም። "ሰው ለገዛ ሕይወቱ ይከፈለዋል እንዴ?" ለሚሉም፣ ሠራተኛው ከሞተ በኋላ መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው ከኩፖኗ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ "በዚህ ወር አደጋ ያልደረሰበት ክፍል ይሸለማል" የሚሉ ድርጅቶች። አደጋ ግማሹ ዕድል ነው፤ እንዲህ ያለው ሽልማት የሚያስተምረው ጉዳትን መደበቅ ነው፣ ጣቱ የተቆረጠውም ባልደረቦቹን ላለማስቀየም ጨርቅ ጠምጥሞ ይሠራል። መሸለም ያለበት በዓይን የሚታየውና በሠራተኛው እጅ ያለው ነው፤ ሥራ አስኪያጁም በዚያው በር ሲያልፍ በመስኮቱ ይታይ።