የድጋፍ ገንዘብ ከየት ይገኛል? እንዴትስ ይጠየቃል?

ድርቅ በሚደጋገምባቸው ወረዳዎችና በሰፈራ አካባቢዎች የተቋቋሙ የወጣቶችና የአካባቢ ማኅበራት የሥራ ፍላጎትም ጉልበትም ሳያንሳቸው በገንዘብ እጦት ምክንያት ከአሰቡት ሳይደርሱ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ምንጩ ከተራራው ሥር እየፈለቀ እናቶች እንስራ አዝለው ሩቅ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ተራራው ተከልሎ ሣር ቢያበቅልም ቀፎ የሚገዛበት ገንዘብ በመታጣቱ ወጣቱ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ይሰደዳል። በአንጻሩ ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብ የሚመድቡ ድርጅቶች ከሚቀርቡላቸው ማመልከቻዎች ብዙዎቹን ይመልሳሉ። የሚመልሱትም ሁልጊዜ ሥራው ስለማይጠቅም አይደለም፤ ማመልከቻው ችግሩን፣ ሥራውንና ኃላፊነቱን አጥርቶ ስለማያስረዳ ነው። ይህ ጽሑፍ ማኅበራት የድጋፍ ገንዘብ የሚያገኙባቸውን መንገዶች፣ ከመጠየቃቸው በፊት ሊያሟሉ የሚገባቸውን ሁኔታዎችና ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ የሚከተለውን ኃላፊነት በአጭሩ ያብራራል።

እርዳታና የሥራ ድጋፍ

በመጀመሪያ የአስቸኳይ እርዳታና የሥራ ድጋፍ የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። የአስቸኳይ እርዳታ ዓላማው ሕይወት ማዳን ነው። የሚሰጠውም በችግሩ ስፋት መጠን ነው፤ የተራበ ሰው ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ተጠይቆ እህል አይሰፈርለትም። የሥራ ድጋፍ ግን የሚሰጠው ለታወቀ ሥራ፣ ለተወሰነ ጊዜና ኃላፊነቱን ለሚወስድ አካል ነው። ብዙ ማኅበራት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻቸው ድርቁንና ድህነቱን በሰፊው ይዘረዝራል፤ ማኅበሩ ምን እንደሚሠራና ሥራው ካለቀ በኋላ ማን እንደሚረከበው ግን አንድ መስመር አይጽፍም።

የዚህ ልዩነት ክብደት በአገራችን የሰፈራ ታሪክ በግልጽ ታይቷል። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በጥድፊያ፣ ብዙውም ያለፈቃዱ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች እንዲሰፍር ተደርጓል። በመተከል የፓዌ ሰፈራ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በኢጣልያ መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተካሂዷል። መንገድና ሆስፒታል ተሠርቷል፤ እርሻውም በትራክተር ይታረስ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ጊዜ ፕሮጀክቱ ሲቋረጥ ግን ነዳጁን፣ መለዋወጫውንና ጥገናውን የሚሸፍን አልነበረም። በሬ በገንዲ በሽታ በሚያልቅበት ቆላ ብዙው ሰፋሪ ትራክተሩን አጥቶ በዶማ መቆፈር ግድ ሆነበት፤ ጥቂት ያይደለውም አካባቢውን ለቆ ሄደ። ሆስፒታሉ ዛሬም አገልግሎት ይሰጣል፤ የሚያስተዳድረውና በጀት የሚመድብለት አካል አግኝቷልና። ትምህርቱ ለትንሽ ማኅበርም ያው ነው። ማንኛውም ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚኖረው ባለቤት ያገኘው ሥራ ብቻ ነው።

ሕጋዊ አቋም

ለጋሽ ድርጅት ገንዘቡን ለግለሰብ አይሰጥም። ስለዚህ ማኅበሩ በሕግ የታወቀ መሆን አለበት፤ ወይም በሕግ ከታወቀ አካል ጋር ተጣምሮ መቅረብ ይኖርበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ ገደቡ ተነሥቷል። አዲሱ አዋጅ ድርጅቶች ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ እንዲያሰባስቡና ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ የሚሆን የገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲያካሂዱ ፈቅዷል። የአስተዳደር ወጪ ግን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል።

ዕድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማኅበርም የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ መሠረት ነው። ለትርፍ የሚሠሩ ወጣቶች፣ ለምሳሌ ንብ የሚያንቡ ወይም ከብት የሚያደልቡ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በአነስተኛ ድርጅት መልክ ቢደራጁ ይሻላቸዋል። የትኛውም መልክ ቢመረጥ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤና በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ መኖር የግድ ነው። ሒሳቡም ቢያንስ በሁለት ሰዎች ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት።

የገንዘብ ምንጮች

አንደኛው ምንጭ የማኅበሩ የራሱ መዋጮ ነው። መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ለሌሎቹ ምንጮች ሁሉ በር የሚከፍት እርሱ ነው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ለአገራቸው መንገድ ለማውጣት በማኅበር ተደራጅተው ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ፤ የመንግሥትንም ድጋፍ ያገኙት ራሳቸው ከጀመሩ በኋላ ነበር። ዛሬም በከተማና በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢ ተወላጆች ለትውልድ ቀያቸው ትምህርት ቤትና የውሃ ተቋም ገንዘብ የሚያዋጡት የሚያምኑት አስተባባሪና የሚታይ ሥራ ሲያገኙ ነው።

ሁለተኛው በመንግሥት ፕሮግራሞች በኩል የሚገኘው ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በማኅበረሰብ ሥራ ብዙ ተዳፋት መሬት እንዲከለልና እርከን እንዲሠራበት አድርጓል። በአማራና በትግራይ ክልሎች እንዲህ አገግመው ከተገኙት ተራሮች ከፊሎቹ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ለንብ እርባታና ለመኖ ልማት ተሰጥተዋል። ይህ በጥሬ ገንዘብ ባይቆጠርም ከገንዘብ ያላነሰ ድጋፍ ነው። የመጠቀም መብቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በእጁ ያለ ማኅበር በለጋሽም ሆነ በአበዳሪ ፊት ተሰሚነት አለው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ለሆኑ ወጣቶች የታሰበ ነበር። ሆኖም ፈንዱ ብድር እንጂ ስጦታ አልነበረም። ብድርን እንደ ስጦታ ቆጥሮ መውሰድ አባላትን ዕዳ ውስጥ ይጥላል፤ ቀጣዩንም ወጣት ተራውን ያሳጣል። ስለዚህ ማንኛውም ማኅበር ከመፈረሙ በፊት ገንዘቡ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው የኤምባሲዎችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች አነስተኛ ድጋፍ ነው። የጃፓን መንግሥት በኤምባሲው በኩል ለመሠረታዊ ፍላጎት ማሟያ የሚሰጠው ድጋፍ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውሃ ተቋምና ለመሳሰሉት ግንባታዎችና መሣሪያዎች ይውላል፤ የሠራተኛ ደመወዝንና የዕለት ተዕለት ማስኬጃ ወጪን ግን አይሸፍንም። ለሚገዛው ዕቃም ከተለያዩ አቅራቢዎች የተሰበሰበ ፕሮፎርማ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመውና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አማካይነት የሚካሄደው የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ደግሞ የመሬት መራቆትን፣ የብዝኀ ሕይወት መመናመንንና የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ለሚሠሩ የአካባቢ ማኅበራት ገንዘብ ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን 50 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ማመልከቻውን መርምሮ የሚወስነውም በአገር ውስጥ የሚቋቋም ኮሚቴ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በጥሪ ማስታወቂያ የሚወዳደሩበትን ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ገንዘብ መጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ለአንድ የቀበሌ ማኅበር ብቻውን ከመወዳደር ይልቅ ልምድ ካለው ድርጅት ጋር መጣመር ይቀለዋል።

በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ መደገፍ አደገኛ መሆኑን በቅርቡ የደረሰው ሁኔታ አስተምሯል። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ከታላላቅ ለጋሾች አንዱ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታ ሥራውን አቁሟል፤ በእርሱ ገንዘብ ይካሄዱ የነበሩ ሥራዎችም በመካከል ተቋርጠዋል። ውሳኔው የተላለፈው ከባሕር ማዶ ሲሆን ጉዳቱ የተሰማው ግን በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ነው።

ማመልከቻው እንዴት ይዘጋጅ?

ጥሩ ማመልከቻ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ አምስት ጥያቄዎችን መመለስ ግን አለበት። ችግሩ ምንድን ነው? ምን ይሠራል? ማን ይሠራዋል? ስንት ይፈጃል? ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይቀጥለዋል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በቁጥር ሊደገፍ ይገባዋል። «ሕዝቡ በውሃ ችግር እየተሠቃየ ነው» ከማለት ይልቅ ስንት አባወራ ውሃ እንደሚቀዳ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ ቆጥሮና ለክቶ ማቅረብ ይበልጥ ያሳምናል።

ለምሳሌ ያህል 150 አባወራ የሚጠቀምበትን አንድ ምንጭ ለማጎልበት የወረዳው የውሃ ባለሙያ የ600 ሺህ ብር ግምት አወጣ እንበል። ማኅበሩ 30 ሰዎች ለ20 ቀን ጉድጓድ እንዲቆፍሩና ድንጋይ እንዲያመላልሱ ቢመድብ የ600 ሰው የቀን ሥራ ይሆናል፤ የአካባቢው የቀን ክፍያ 200 ብር ቢሆን ድምሩ 120 ሺህ ብር ይደርሳል። ነዋሪው የሚያቀርበው ድንጋይና አሸዋ 30 ሺህ ብር ቢገመት የሕዝቡ ድርሻ 150 ሺህ ብር፣ ማለትም የጠቅላላው ወጪ ሩብ ይሆናል። ከለጋሹ የሚጠየቀው ቀሪው 450 ሺህ ብር ብቻ ነው። ብዙ ማኅበራት ይህንን የጉልበት መዋጮ ከቁጥር ሳያስገቡት ይቀራሉ፤ በዚህም የተነሣ ባዶ እጃቸውን የመጡ ይመስላሉ። በተጨማሪም እያንዳንዱ አባወራ በወር 20 ብር ቢከፍል በዓመት 36 ሺህ ብር ለጥገና ይጠራቀማል። የአምስተኛው ጥያቄ መልስ ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ መጠበቅ የሚገባው ስሕተት የአካባቢውን ፍላጎት ትቶ የለጋሹን ፍላጎት ማሳደድ ነው። ችግራቸው ውሃ ሆኖ ሳለ ገንዘብ የተገኘው ለሥልጠና ነው ብለው ሥልጠና የሚጠይቁ ማኅበራት ገንዘቡን ሊያገኙ ይችላሉ፤ አበሉ ሲያልቅ ግን እናቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደዚያው ሩቅ ወንዝ ይመለሳሉ። ጉዳዩ ከለጋሹ ዓላማ ጋር የማይገጥም ከሆነ ሌላ ለጋሽ መፈለግ ይሻላል።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ

ድጋፍ ማግኘት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። እያንዳንዱ ወጪ በማዘዣና በደረሰኝ መደገፍ አለበት። ግዥ የሚፈጽመው፣ ዕቃ የሚረከበውና ገንዘብ የሚከፍለው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ከጸደቀው በጀት ውጭ ለሌላ ሥራ ገንዘብ ማዋል፣ ለበጎ ዓላማ ቢሆንም እንኳ፣ ከለጋሹ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ካልተገኘ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ሥራው በዝናብ ወይም በዋጋ ንረት ምክንያት ከዘገየ ለጋሹ ሳይጠይቅ ቀድሞ ማስታወቅ አመኔታን ያጠነክራል እንጂ አያሳጣም።

ሪፖርቱ የሚቀርበው ለለጋሹ ብቻ መሆን የለበትም። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በነዋሪው ፊት በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ቢነበብ፣ የሲሚንቶው ብዛትና ዋጋው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ሐሜት ቦታ አያገኝም። በዕድር ውስጥ የኖረ የአገራችን ሕዝብ ገንዘብ ያዥን መጠየቅና ሒሳብ ማስነበብ ያውቃል። ማኅበራቱ የሚያስፈልጋቸው ይህንኑ ልማድ በመዝገብ ማጽናት ነው።

ድርቅ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ የተጎለበተ ምንጭ፣ የተከለለ ተራራ፣ የተጠራቀመ የጥገና ገንዘብና ሒሳቡን የሚያውቅ ማኅበር ያለው ቀበሌ የእርዳታ እህል እስኪደርስለት በቀዬው ሊቆይ ይችላል፤ ይህ የሌለው ግን ልጆቹን ይዞ ለመሰደድ ይገደዳል። ስለዚህ የድጋፍ ገንዘብ ፍለጋ ድርቁ ከገባ በኋላ የሚጀመር አይደለም። መዝገቡ የሚከፈተው፣ መዋጮው የሚጀመረው፣ ምንጩም የሚለካው ዝናብ በጣለበትና ጎተራው ባልተራቆተበት ዓመት ነው።