በአጥንት ውስጥ የሚገባ ብረት፦ ጥቅሙና መዘዙ

በራቤል አካባቢ ከገደል የተንሸራተተ ሰው የጭን አጥንቱ ቢሰበር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርስለት የመንደሩ ወጌሻ ነው። የቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ግን ከመንዝና ግሼ ደጋ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ይኖርበታል። በዚያ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በአጥንቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ማስገባት ነው። ለመሆኑ ዘንጉ እንዴት ይሠራል? ምን መዘዝስ ሊያስከትል ይችላል?

የጭንና የቅልጥም አጥንቶች ውስጣቸው ክፍት ሲሆን ክፍተቱን መቅኔ ይሞላዋል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጌርሃርድ ኩንቸር በ1939 እ.ኤ.አ. በኪል ከተማ በዚህ ክፍተት ዘንግ አስገብቶ የተሰበረ አጥንትን ከውስጥ ደገፈ። ስብራቱ እንዳይዞርና እንዳያጥር ዘንጉን በብሎን ማሰር የተለመደው ከጊዜ በኋላ ነው። የብሎኑን ቀዳዳ ለማግኘት በቀዶ ሕክምናው ወቅት የራጅ መሣሪያ ማስፈለጉ ግን መሣሪያው ለሌላቸው ሆስፒታሎች እንቅፋት ሆነ። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ሳይን የተባለ ድርጅት ቀዳዳውን በውጫዊ መምሪያ ክንድ የሚያመላክት ዘንግ አዘጋጀ፤ ይህም ዘንግ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በሀገራችን ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሏል።

ከመዘዞቹ መካከል ፈጥኖ የሚከሰተው የስብ መርጋት ነው። መቅኔው ሲሰረሰር በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምርና የስብ ጠብታዎች በደም ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳሉ። ሕመምተኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከተደናገረ አፋጣኝ እርዳታ ያሻዋል።

ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው። ባክቴሪያዎች በብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ስለሚደበቁ መድኃኒት በቀላሉ አያገኛቸውም። አጥንቱ ቆዳን ቀዶ የወጣ ከሆነ አደጋው ይበረታል። ስለዚህ ቁስሉ በወቅቱ መታጠቡና ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቶሎ መጀመሩ ወሳኝ ነው።

ሦስተኛው አጥንቱ ዞሮ ወይም አጥሮ መግጠሙ ነው። የቅልጥም ዘንግ የገባለት ሰው ደግሞ ዘንጉ በሚገባበት በጉልበቱ ፊት ለፊት ሕመም ሊሰማው ይችላል።

አራተኛው አጥንቱ ሳይገጥም መቅረቱ ነው። ብረት አጥንትን አያድንም፤ አጥንቱ ራሱን እስኪጠግን ድረስ ደግፎ ያቆያል እንጂ። በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት በጥቂት ስለሚዝልም አጥንቱ ከዘገየ ዘንጉ ወይም ብሎኑ ይሰበራል። ጉዳዩ በአጥንት መጠገንና በብረት መድከም መካከል ያለ እሽቅድምድም ነው ማለት እንችላለን።

ይህ መዘዝ ቀስ በቀስ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ሕመምተኛው ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ነው። መንገዱ ስለራቀ ወይም ሕመሙ ስለቀለለ የቀጠሮ ራጅ የሚቀር ከሆነ በቀላሉ ሊስተካከል የሚችለው ጉዳት ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይዳርጋል። እንግዲህ የተሰበረ እግር ሲያጋጥመን ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍን፤ ደም እስኪከለክል አጥብቀን አንሰር፤ ሳንዘገይም ወደ ሐኪም እናድርስ። ዘንግ ለገባለት ዘመዳችንም ቀጠሮውን እናስታውሰው።